ገና ያልተመረተው ቱና

አክስቴ ዛሬ ለምሳ ሆዱ የተነፋ የቱና ቆርቆሮ ልትከፍትልኝ ስትል ከእጇ ነጠቅኳት።

«ጊዜው አልፏል እኮ! እስከ 2024 ነው የሚለው።»

«ምነው ልጄ፣ ዘንድሮ 2018 አይደል? ገና ስድስት ዓመት ይቀረዋል!»

በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ብላት አልሰማ አለች። «እዚሁ ፀዳ ከተማ ከሱቅ የገዛሁትን ፈረንጅ ምን አገባው?»

(ክርክሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን የምጽፈው ከሆስፒታል ነበር።)

ቆርቆሮውን ገልብጬ የተመረተበትን አሳየኋት። 2021 ይላል።

«በአንቺ ቆጠራ ከሄድን ይሄ ቱና ገና አልተመረተም!»

ቆርቆሮውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ የተነፋ ሆዱን ዳበሰችው።

«በስመአብ! ሳይወለድ አረጀ?» ብላ ወረወረችው።

ሽሮ በላን። አሁን ደግሞ ከመደርደሪያው የቲማቲም ድልህ አውርዳ «ይሄስ ተወልዷል?» እያለችኝ ነው።

እናንተ ቤትስ ሳይወለድ ያረጀ ምን ተገኘ?