የተላጨው አፍሮ የማን ነበር

በፈረንጅ ሁለት ሺህ ሃያ ላይ ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። የኮሮና በሽታ ገብቶ ኦሃዮ በሩን ሲዘጋ፣ እዚህ ዋይትሆል ያለው ጸጉር ቆራጬም አብሮ ዘጋ። ልጄ ቶንዶስ ልግዛልህ አለችኝ፤ እንቢ አልኩ። ጸጉሬ ማደግ ጀመረ። መሀሉ ከረገፈ ቆይቷል፤ ዳር ዳሩ ግን ይህን አልሰማም፣ ወደ ላይ ቆመ።

አንድ ቀን ሚስቴ ትክ ብላ አየችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ጸጉር ነው ስታዲየም? ዙሪያው ተመልካች፣ መሀሉ ሜዳ።»

«ሳቂ። በወጣትነቴ አፍሮ ነበረኝ እኮ።»

«አንተ? አፍሮስ የነበራቸው ጋሼ ናቸው።»

ጋሼ የምትለው እዚሁ አቅራቢያ ካናል ዊንቸስተር ከተማ የሚኖረውን የጥንት ጓደኛዬን ነው። ያ ሰውዬ ክርስትና ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ ሳይቀር፣ በተማሪዎቹ ሰልፍ ፖሊስ ይዞ አፍሮውን እንደላጨው ያወራል። ሴቶቹም ከንፈር እየመጠጡ ያዝኑለታል። የተላጨሁት ግን እኔ ነኝ! ለሚስቴ ስነግራት አርባ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ አንድ ቀንም አላመነችኝም። እሷ ስታገኘኝ ጸጉሬ አጭር ነበር፤ ፎቶ ደግሞ የለኝም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጅ ስልሳዎቹ መጨረሻ ነው። አዲስ አበባ ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ ለተማሪዎቹ እግሩ የሰፋ ሱሪ ስሰፋ እውላለሁ። እሱ ተማሪ ነበር። ሁለታችንም አፍሮ ነበረን፤ የኔ ግን ይበልጥ ነበር። ቅዳሜ ከሱቁ ማዶ ሸክላው ሲዞር ትዊስት እንደንሳለን። እሑድ ኳስ ለማየት ስንገባ ከኋላዬ የተቀመጠው፣ «ወንድም፣ ወይ ጸጉርህን ዝቅ አድርግ፣ ወይ ጎል ሲገባ ንገረኝ» ይለኝ ነበር።

የሰልፉ ቀን ጓደኛዬ ሱቁ በር ላይ ቆመና፣ «ጫማዬን እስካስር ያዛት» ብሎ መፈክር የተጻፈባትን ካርቶን ሰጠኝ። ወዲያው ፖሊስ መጣ። እሱ ክሩን ሳያስር በረረ። ካርቶኗ እኔ ጋ ቀረች።

«ምን ይላል ይሄ?» አለኝ አሥር አለቃው።

«ማንበብ አልችልም ጌታዬ፣ የሰው ነው።» እውነቴን ነው፤ ፊደል የቆጠርኩት ኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው።

«አንተ ባታነብ ጸጉርህ ያነባል!» አለና ፖሊስ ጣቢያ ወስዶ ግቢው ውስጥ አስቀምጦ መሀል ለመሀል በመቀስ መንገድ አወጣበት። ዳር ዳሩን ትቶ፣ «ሂድ፣ ሰው ይይህ» ብሎ ለቀቀኝ። ጓደኛዬ ከጣቢያው ማዶ ተደብቆ ሲጠብቀኝ ነበር፤ ሲያየኝ በሳቅ ፈረሰ። ቤት ስገባ አባቴ፣ «መንግሥት የጀመረውን እኔ ልጨርስ» ብለው የቀረውን ላጩት።

ጸጉር ቤቶች ሲከፈቱ ልጄ አፖይንትመንት ያዘችልኝ። «ያ ሰውዬ እውነቱን ሳይናገር መቀስ አይነካኝም» አልኩ። ሚስቴ፣ «እንግዲያው ሹሩባ ተሠርተህ ትቀበራለህ» አለች።

አንድ ቀን ከሰዓት ጓደኛዬ ማስክ ሊያደርስልን መጣ። በሽታውን ስለሚፈራ ከመኪናው አልራቀም፤ ፓርኪንጉ ላይ ቆመ። እኔና ሚስቴ ደጃፉ ላይ ወጣን። ባርኔጣ አላደረግኩም። እንዳየኝ ማስኩን አውልቆ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ወይኔ ወንድሜ! ልክ ያን ቀን ከጣቢያ ስትወጣ! መሀሉ ባዶ፣ ዳሩ ቆሞ!»

ሚስቴ ዞረች። «ማን ከጣቢያ ሲወጣ፣ ጋሼ?»

እሱም ማስኩን መልሶ አጠለቀ።

«የተላጩት እርስዎ አልነበሩም እንዴ?»

«እኔማ ሮጫለሁ፣ እትዬ» አለ በማስኩ ውስጥ። «ግን ታሪኩ ከእኔ አፍ ያምራል። እሱ ማውራት አያውቅበትም።»

«ታዲያ ይዘኸው የሮጥከው ጸጉር የታለ?» አልኩት። ራሱ እንደ እንቁላል መላጣ ነው። «ፖሊስ የተወልህን እግዜር ወሰደው!»

ሚስቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ገብታ ሚዶ አመጣችና ደረጃው ላይ አስቀምጣኝ ዳር ዳሩን አበጠረችልኝ።

«ያምርብህ ነበር ማለት ነው» አለች።

«ያምርብኝ ነበር» አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ማንም ሳይጎትተኝ በገዛ እግሬ ጸጉር ቆራጩ ጋ ሄድኩ፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጬም «በል፣ አሁን ቁረጠው» አልኩት።