ፀሐይ ላይ ያሰጣኋቸው ፊቶች

ነቀምቴ ፎቶ ቤት የተቀጠርኩት የማታ ትምህርቴን እስከ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ፣ በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። የመጀመሪያ ቀን ባለቤቱ ኦቦ ተስፋዬ ወንበር አላሳዩኝም። ትልቁ ማተሚያ ፊት አቆሙኝና፣ «ደንበኛ መጣም አልመጣም፣ ጠዋት ጠዋት አንድ የሙከራ ወረቀት ታወጫለሽ። ያላናገርሽው ማሽን ጉሮሮው ይደርቃል» አሉኝ። ጉሮሮ ያሉት ቀለም የሚረጨውን ክፍል ነው፤ እኛ ሄድ እንለዋለን። እሳቸው ማብሪያውን ሲጫኑ እንደ ሰው «አከም ቡልቴ? እንዴት አደርክ?» እያሉ ያነጋግሩት ነበር። የሙከራ ወረቀቱ ስም በዚያው «ሰላምታ» ሆኖ ቀረ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ፎቶ አዳሽ ሆንኩ። የተቀደደና የደበዘዘ ጉርድ ፎቶ ስካን አደርጋለሁ፣ አጸዳለሁ፣ ለግድግዳ አሳድጌ አትማለሁ። አብዛኛው የሟች ነው። ኦቦ ተስፋዬ ሱቁን ሲዘጉ ያንኑ ትልቁን ባለሠላሳ ስድስት ኢንች ማሽን ለእኔ ለቀቁልኝ። ቤቴ አስገብቼው ብቻዬን ስሠራ ኖርኩ።

ክረምት ላይ መብራት ለብዙ ቀን ጠፋ። ሰላምታው ተቋረጠ፤ የማሽኑ ሄድ ደረቀ። በስሪንጅ ማጽጃ ሰጠሁት፣ እርጥብ ጨርቅ ላይ አሳደርኩት። ጥቁሩና ቀዩ ቀለም አልተመለሱም። መለዋወጫውም መመረት ካቆመ ቆይቷል። አሁን ሌላ ብገዛ በዕድሜዬ የምገዛው የመጨረሻው ማሽን እንደሚሆን አውቃለሁ። ደክሞኝም ነበር፤ ሥራውን ልተወው ብዬ ነበር።

በዚያው ሰሞን ዘይነባ የተጠቀለለ ፎቶ ይዛ መጣች። የወሎ ሰፋሪዎች ልጅ ናት፤ ጊዳ አያና ኖራ በችግሩ ጊዜ ወደ ነቀምቴ የወጣች። የሟች ባሏን ፎቶ ያተምኩላት እኔ ነኝ። ዋናዋ ትንሿ ጉርድ ፎቶ ከቤቱ ጋር ስትቃጠል ትልቁን ጠቅልላ ይዛ ወጥታለች። ዘረጋሁት። ጥቁሩ ኮት ቡኒ ሆኗል፤ ፊቱ ነጥቶ ወደ ሮዝ ሄዷል።

«መልኩ እየሸሸኝ ነው» አለች። «ከስድስት ሳምንት በኋላ የልጄ ኒካህ ነው። አባቷ ግድግዳው ላይ ይኑርላት።»

ስካኑ ዲስኬ ላይ አለ። የማትምበት ግን የለኝም።

የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጠው ገመቹ ሁለት ማሽን አሳየኝ። አንዱ ሰፊ፣ ፈጣን፣ ቀለሙ ውሃ ውስጥ የሚሟሟና በየሱቁ የሚገኝ ነው። ሌላው ሃያ አራት ኢንች ብቻ፣ ቀርፋፋ፣ ቀለሙ እንደ ደቀቀ ዱቄት ወረቀቱ ላይ የሚቀመጥና ከአዲስ አበባ ታዝዞ የሚመጣ።

«አዴ ብርቄ፣ ሰፊውን ይውሰዱ። የሠርግ ፖስተር፣ የምርቃት ፖስተር፣ ሁሉንም ይሠሩበታል።»

«ጥቁሩ ስንት ዓመት ጥቁር ሆኖ ይቆያል?»

«እሱን እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም።»

የዘይነባን ባል ፊት በሁለቱም በትንሹ አሳተምኩ። መስታወት አለበስኳቸው፣ ግማሽ ግማሹን በካርቶን ሸፈንኩ፣ የማዕድ ቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ላይ አሰጣኋቸው። ዝናቡ አቁሞ ፀሐዩ በርትቷል። ገመቹ በየሳምንቱ ይደውላል።

«አዴ፣ ፕሪንተር ነው የሚገዙት ወይስ በርበሬ ነው የሚያሰጡት?»

«በርበሬም ሳይደርቅ አይፈጭም።»

ዘይነባም እየመጣች ቀና ብላ ቆርቆሮውን ታያለች። «ኒካሁ ይቀድምሻል፣ እህቴ» ትለኛለች። እኔም ይህንኑ እፈራ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ካርቶኑን አነሳሁ። በሰፊው ማሽን የታተመው ፊት ለሁለት ተከፍሏል፤ የተሸፈነው ጠይም፣ የተገለጠው ሮዝ። በጠባቡ የታተመው ላይ ወሰኑን በማጉያ መነጽር ፈልጌ አጣሁት። ጠባቡን ገዛሁ።

ያን ሮዝ ግን አውቀዋለሁ። የዘይነባን ባል ፎቶ ያተምኩ ጊዜ የማሽኑ ዋና ቀለም ከገበያ ጠፍቶ በጠርሙስ የሚሸጠውን ርካሽ ቀለም ሞልቼ ነበር። ሲወጣ ያምር ስለነበር ሳልነግራት ሰጠኋት።

ኒካሁ አራት ቀን ሲቀረው መጣች። አዲሱ ፎቶ ከድሮው ጠበብ ይላል፤ ፊቱ ግን ተመልሷል። በጣቷ ሳትነካው ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ስለ ጠርሙሱ ቀለም ነገርኳት።

«ምነው ያኔ ሳትነግሪኝ?»

«ሥራዬን የምትንቂው መሰለኝ።»

«ብትነግሪኝ በር ትይዩ አልሰቅለውም ነበር። የገባ የወጣው እንዲያየው ብዬ ፀሐይ ላይ ሰቀልኩት።» ፎቶውን ቀስ ብላ ጠቀለለች። «አብሽሪ፤ ይኸኛውን ጥላው ላይ አደርገዋለሁ።»

ማሽን ለመቀየር ለምታስቡ የሙያ ባልደረቦቼ፦ ስፋቱንና ፍጥነቱን ሻጩ ይነግራችኋል። ቀለሙን ራሳችሁ ፀሐይ ላይ አውጡት። በየትኛው ቀለም እንዳተማችሁም ለባለፎቶው ንገሩት፤ የት እንደሚሰቅል የሚመርጠው እሱ ነው። እኔ አሁን የቀለሙን ዓይነት ከእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ በእርሳስ እጽፋለሁ።