ናፍጣው ያለቀበት መስከረም

ቡታጅራን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ድምፅ ነው። አመሻሹ ላይ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ፣ የመብራቱ ሞተር ተንተክትኮ ተንተክትኮ ይነሣል። ከዚያ በዋናው መንገድ ዳር ያሉት አምፑሎች መጀመሪያ ቀላ ይላሉ፣ ቀስ ብለው ደግሞ ይፈካሉ። የእንሰቱ ቅጠል ከጨለማው ብቅ ብሎ ያብለጨልጫል። ጭጋግ በወረደ ቀን ከተማዋ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብላ የቆመች ይመስለኝ ነበር። ከሰሜን የመጣሁ ሙሽራ ነበርኩና ደጃፌ ላይ ቆሜ አፌን ከፍቼ ሳይ ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል።

ሞተሩ የሕዝብ ነው። አዲስ አበባ የሚነግዱ የአገሩ ልጆች አዋጥተው ገዝተው ለማዘጋጃ ቤቱ አስረከቡት። የናፍጣው መግዣ መብራት ከገባላቸው ቤቶች በየወሩ ይሰበሰባል። ሰብሳቢው የማዘጋጃ ቤቱ ገንዘብ ያዥ፣ ማለትም ባለቤቴ ነበር።

ባለቤቴ እጁ ንጹሕ፣ ጠባዩ ደረቅ ሰው ነው። ሂሳቡን በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሕፈቱ ይጽፍና አንዱን ቅጂ ለአውራጃው ይልካል፣ ሌላውን ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ይለጥፋል። «ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?» ይለኛል። እኔም ልክ ነው እላለሁ። እንግዶች ነበርንና የአገሩ ወግ አልገባንም። እዚያ አገር የሰው አደራ የያዘ ሰው በመስቀል፣ ነጋዴው ሁሉ ከአዲስ አበባ ሲገባ፣ መንደሩን ለሁለት በሚከፍለው የሣር ሜዳ፣ በጀፎረው ላይ ቆሞ በገዛ አፉ ይናገራል። ባለቤቴ አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም።

ክረምቱ ሲያልቅ ሞተሩ ዝም አለ። ናፍጣ የለም። «ገንዘብ ያዡ ጠጣው» የሚለው ወሬ እኔ ጋ ለመድረስ ብዙ አልቆየም፤ ገበያ ውስጥ ቅቤ የምትሸጥልኝ ሴት ራሷ ፊቷን አዞረችብኝ።

እኔ ናፍጣው የት እንደገባ አውቅ ነበር። የወረዳው ገዢ፣ ግራዝማች፣ እንግዳ በጋበዙ ቁጥር ሞተሩ ለእሳቸው ቤት ብቻ ሲያጓራ ያነጋል። ክፈሉ የሚላቸው ማን ነው?

«ለምን አትናገርም?» አልኩት።

«ብናገር ከእንጀራዬ እፈናቀላለሁ።»

«ባትናገርስ?»

ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ የሌባ ልጅ የሚባል ልጅ ልወልድ ነው እያልኩ ሆዴን ይዤ አለቀስኩ።

በመስቀል ማግስት ባለቤቴ ጀፎረው ላይ ተጠራ። ገዢው በክብር ተጋብዘው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሌላው ሰው ሣሩ ላይ ነው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ጥግ ይዣለሁ። ፀሐዩ ለስላሳ ነበር፣ አደይ አበባው እስከ ጉልበት ደርሷል፣ ሁሉም ነገር ሩቅ ሩቅ ይለኝ ነበር። የሞተሩ መዋጮ አስተባባሪ፣ ጨርቅ ነጋዴው አዛውንት፣ በእርጋታ ተናገሩ።

«ልጄ፣ በር ላይ የለጠፍከውን አይተነዋል፤ አንብበነዋልም። አንተን ግን አልሰማንህም። ቁምና ንገረን።»

ተነሣ። የያዘውን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። የሰበሰበውን ተናገረ፣ የገዛውን ናፍጣ ተናገረ። ከዚያ በዓይኑ እኔን ሲፈልግ አየሁት።

«የቀረው የነደደው በግራዝማች ቤት ነው» አለ። «አልከፈሉም። እኔም አልጠየቅኳቸውም፤ ፈርቼ ነው።»

ሁሉም ወደ ወንበሩ ዞረ። ገዢው ጥቂት ጠበቁና ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ፤ አሽከራቸው ወንበሩን ተሸክሞ ተከተላቸው። እንደዚያን ቀን በባለቤቴ ኮርቼ አላውቅም።

ወሩ ሳያልቅ ከሥራው ተሰናበተ። ምክንያት አልተነገረውም። ወደ ወላጆቼ አገር ልንመለስ ዕቃችንን ሸከፍኩ፣ ፍራሹንም ጠቅልዬ በገመድ አሰርኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጨርቅ ነጋዴው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡና በመሐረብ የተቋጠረ ነገር ባለቤቴ ፊት አኖሩ።

«የናፍጣ ነው፤ እንደገና አዋጥተናል። ያዝልን።»

«አባቴ፣ እኔ እኮ አሁን የማዘጋጃ ቤቱ ሰው አይደለሁም።»

«ለማዘጋጃ ቤቱ ነው ያለህ ማነው? ለአንተ ነው። በመስቀል ቆመህ ትነግረናለህ። ለእንጀራህ ደግሞ ሱቄ ሰው ይፈልጋል።»

ይኼን ጊዜ ፍራሹን አዩት። «የት ልትሄዱ ነው?»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ገመዱን መፍታት ጀመርኩ። ራሴ አጥብቄ ያሰርኩት ቋጠሮ እምቢ ሲለኝ ጨርቅ ነጋዴው ጎንበስ ብለው አብረውኝ ፈቱት።