በማርያም ቀን የተከፈተው በር

ጠባቂው ይነሣ ያልኩት እኔ ነኝ። ነገሩን ከዚህ ካልጀመርኩ መዋሸቴ ነው።

በእኛ ሰፈር ክረምቱ የሩዝ ነው። ሜዳው ውሃ ይሞላል፣ ሰዉ እስከ ጉልበቱ ይገባል፣ ስለ ውሃ የሚጣላ የለም። በበጋ ግን ያው ሜዳ ሽንኩርት ይሆንና የወንዙ ውሃ በአንድ ቦይ ለሁሉም ይከፋፈላል። ተራውን የሚያዙት የውሃ አባት ናቸው፤ ሰዉ እጁን አውጥቶ የመረጣቸው ሽማግሌ። ድሮ ከእሳቸው ሥር በየበሩ ዱላ ይዞ የሚቆም ጠባቂ ነበር። በር የምንለው ውሃው ከቦዩ ወደ ማሳ የሚገባበትን አፍ ነው፤ በጭቃና በሣር ይደፈናል፣ በአካፋ ይከፈታል።

አሥራ ሁለተኛን ወረታ ተምሬ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ስመለስ ይዤ የመጣሁት ምላሴን ብቻ ነው። መገንጠያው ላይ ከባጃጅ ሾፌሮች ጋር ስለ መብት ስከራከር የከረምኩ ነኝ። በውሃው ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ "እኛ ከብት ነን ወይ ዱላ የሚቆምብን? ራሱን መጠበቅ ያቃተው ሰው ነፃነት ምን ያደርግለታል?" አልኩ።

"ኧረ ይችን ልጅ ቶሎ ዳሯት!" አለ አንዱ ከኋላ። ሰዉ ሳቀ።

የውሃ አባት አልሳቁም። "ለአንድ በጋ እንሞክረው። አደራው በየሰዉ ይሁን" አሉ። እጅ ወጣ፤ ጠባቂው ተነሣ። ያን ቀን ከእኔ በላይ የኮራ ሰው አልነበረም።

ሁለት ወር ያህል ደህና ሄደ። ከዚያ ሙቀቱ በረታና የእኛ ሽንኩርት ጫፉ ቢጫ መሆን ጀመረ። ተራችን ገና አራት ቀን ይቀረው ነበር።

የወሩ ማርያም ዋለች። በማርያም ቀን አካፋ የሚነካ ስለሌለ፣ ተራው በበዓል የሚውልበት ሰው በዋዜማው በሩን ከፍቶ ይገባል፤ ውሃው በማግሥቱ ሰው ሳይነካው ሲጠጣለት ይውላል። የዚያን ቀን ተራዋ የነበረው ከእኛ በታች ያለችው ጎረቤታችን፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሽንኩርቷ ራስ ሊቋጥር ደርሷል።

ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ምንም አላመመኝም። አካፋ ይዤ ወርጄ የእኛን በር ከፈትኩት። ቅዳሴ ሳይወጣ እዘጋዋለሁ ብዬ ነው። ውሃው በስንጥቁ መሬት ውስጥ ሲገባ ድምፅ አለው፤ ቆሜ ሰማሁት፣ ደስም አለኝ።

ቀና ስል ነጠላ የለበሱ ሰዎች በመንገዱ እየመጡ ነው፤ ካህን አብሯቸው አለ። በማርያም ቀን ካህን ፊት አካፋ ይዤ? ሞቼ ብገኝ ይሻለኛል። አካፋውን ሣር ውስጥ ጥዬ በጓሮ ዞሬ ቤት ገባሁ። የዝክር ቀን ስለሆነ መንገዱ እስኪመሽ ሰው አልጠፋበትም። በሩ እንደተከፈተ ዋለ። የሴትዮዋ ውሃ እኛ ማሳ ገብቶ፣ ከእኛ ሞልቶ ድንበርተኛችን ማሳ ገብቶ፣ የቀረው ረግረግ ወረደ። የሰው ውሃ መስረቄ አልነበረም ያስፈራኝ፤ በዓል ስሽር መታየቴ ነበር።

ድንበርተኛችን ከእኛ ጋር በአንድ በር የሚያጠጣ ሰው ነው። በዓል አያከብርም። "ሆዴ የበዓል ቀን አይቆጥርም" እያለ በማርያምም በሚካኤልም ይሠራል፤ ካህናቱም መክረው መክረው ትተውታል። አባቴ በአንጻሩ ከቅዳሴ ቀርቶ አያውቅም። በማግሥቱ ሁለቱም ማሳ ረጥቦ ሲገኝ ማን እንደሚጠረጠር ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

የውሃ አባት አውጫጭኝ ጠሩ። አውጫጭኝ ማንም የማይቀርበት፣ እያንዳንዱ እየተነሣ ያየውን የሚያወጣበት ሸንጎ ነው። ተራው እኔ ዘንድ ደረሰ።

"አንችስ ልጄ? ቤት ነበርሽ አሉ።"

"ተኝቼ ነበር። አላየሁም፣ አልሰማሁም።"

ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ድንበርተኛችን ተነሣ። "እኔ በማርያም ስሠራ በጠራራ ፀሐይ፣ እያንጎራጎርኩ ነው፤ ያን ቀን ግን ማሳ አልወረድኩም። ደግሞ ማንን ፈርቼ ነው የምደበቀው?"

"ማርያምን ያልፈራ መበለት ይፈራል?" ብሎ አንዱ ጮኸ። ሌላው ተቀበለው። ድንበርተኛችን ሁለት ተራ ከውሃ ታገደ፤ በዚያ ሙቀት ለሽንኩርት ሞት ነው።

ማሳው ከእኛ ጋር ስለሚዋሰን ላለማየት አልችልም ነበር። በአምስተኛው ቀን ሚስቱ ከወንዝ በጀሪካን እያመላለሰች ለየሥሩ በጣሳ ስታፈስ አገኘኋት። አንዱን ጀሪካን ተቀበልኳት።

"እግዜር ይስጥሽ" አለችኝ፤ "የጨዋ ልጅ እኮ ያስታውቃል።"

ጀሪካኑን አደረስኩላትና በቀጥታ የውሃ አባት ቤት ሄድኩ።

"አባባ፣ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።"

"ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔ የንስሐ አባትሽ አይደለሁም። የዋሸሽው ለሰዉ ነው፤ ለሰዉ ንገሪ።"

"ይገድሉኛል።"

"አይገድሉሽም። ይስቁብሻል።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆሜ ተናገርኩ። የሳቀ አልነበረም። አባቴ ቀና ሳይል፣ "የእኛን ተራ ለሁለቱ አካፍሏቸው" አለና ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አላለም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ድንበርተኛችን ዞሮ አየኝ። "ከእንግዲህ በበዓል ቀን ማሳዬ ላይ ነው የምውለው፤ በዓል አክባሪ አላምንም" አለ። ያኔ ሰዉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

"ጠባቂው ይመለስ!" የሚል ከየአቅጣጫው መጣ።

ባልቴቷ ተነሣች፤ ሽንኩርቷ ግማሹ ደርቋል። "ጠባቂ እያለም ውሃዬ ይሰረቅ ነበር" አለች። "ያኔ ግን እኔ ነኝ ብሎ የመጣልኝ ሰው የለም። እኔ ጠባቂ አልፈልግም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "አንችን ግን ይቅር አላልኩሽም" አለችኝ።

ከእሷ ጋር እጅ ያወጡት ሦስት ሰዎች ናቸው። የቀረው ሁሉ ለጠባቂ አወጣ። የውሃ አባት እኔን ጠበቁ፤ "አንችስ?" አሉ። ጠባቂ አያስፈልግም እንዳልል በምን አፌ፤ ያስፈልጋል ብል ደግሞ እኔ አንዷ ስላቃተኝ ሰዉን ሁሉ ሌባ ማድረጌ ነው። እጄ ጉልበቴ ላይ ቀረ።

አሁን በራችን ላይ ዱላ የያዘ ሰው ይቀመጣል። ከትናንት ወዲያ ተራችን ሲያልቅ ወደ ዛፉ ጥላ ሄዶ ጋደም ብሎ ነበር። ውሃው ገና እየገባ ነው፤ የመጨረሻው መደብ አልጠገበም። አካፋውን አነሣሁ። በሩን ልደፍን ጎንበስ ከማለቴ በፊት ግን ቀና ብዬ ግራና ቀኙን አየሁ፤ የሚያየኝ እንዳለ። ማንም አልነበረም። ደፈንኩት። ቀና ብዬ ባላይ ግን እንዴት በወደድኩ።