አባዬ ቴፑ ውስጥ

አሰላ በክረምት ጭጋግ ስትለብስ በራችን ላይ ቆሞ አጥሩን ማየት አይቻልም ነበር። የጭላሎ ተራራ የለም፣ መንገዱ የለም፣ የጋሪ ፈረስ ኮቴ ብቻ ይሰማል። የዚያን ዘመን ቤታችንን ሳስብ ሁልጊዜ ጭጋግ ውስጥ ነው የማየው፤ መሐሉ ላይ ደግሞ የአባዬ ድምፅ አለ።

አባዬ የሆስፒታል ድሬሰር ነበር። ጦርነቱ ሲበረታ ቁስለኛ እንዲያክም ወደ ሰሜን ላኩት። ያኔ ታናሽ ወንድሜ ገና ዳዴ ይል ነበር፤ የአባቱን መልክ ከየት ያውቀዋል? ቆይቶ አንድ ለፈቃድ የመጣ ወታደር ካሴት ይዞልን መጣ። እናቴ ቡፌው ላይ ዳንቴል ለብሶ የሚቀመጠውን ቴፕ ገልጣ ካሴቱን ከተተችና አባዬ እዚያው ሳሎናችን ውስጥ ተናገረ። "እንዴት ናችሁ ልጆቼ? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ምንም አልጎደለብኝም፤ ብቻ የእናታችሁ ሽሮ አማረኝ።"

እናቴ አስተማሪ ነበረች፤ ለማንኛውም ነገር ሕግ ታወጣለች። ለቴፑም አወጣች። እጅ ሳይታጠብ አይነካም። ቀዩ ቁልፍ ድምፅ ያጠፋል፣ እሱን የነካ ወዮለት! ባትሪ ድንጋይ አፍ ውስጥ አይገባም፤ ደክሞ ፀሐይ ላይ ሲሰጣም እኔ እንደ ብቅል እጠብቀዋለሁ። ወንድሜን ጣቱን ይዛ የትኛው እንደሚያስጀምር፣ የትኛው እንደሚያቆም አሳየችው። ሁሉንም ነገረችው። አባዬ ውስጡ እንደሌለ ግን ማንም አልነገረውም። ማን ያስበዋል?

ጠዋት ሲነሳ ቡፌው ስር ቆሞ "አባዬ፣ እንደምን አደርክ" ይላል። ማታ ዳንቴሉን ያለብሰዋል፣ ብርዱ ነዋ! ከጎረቤት ልጆች ጋር ስለሚውል ኦሮምኛው ከአማርኛው ቀድሞ ነው ከአፉ የሚወጣው። ዝናብ ሲጀምር እየሮጠ ይገባና "አባዬ ኮቱ፣ ኮቱ፣ ና እይ!" ይለዋል። እስቅበታለሁ፤ ውስጤ ግን ይቀና ነበር። እኔ አባዬ ናፍቆኝ ትራስ ስነክስ እሱ አባቱ ቤት ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ የእሱ አገር ደግሞ ቡፌው ላይ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ ሽሮ ቀረበ። ቴፑም ተከፍቷል። አባዬ "ሽሮ አማረኝ" ያለበት ጋ ሲደርስ ወንድሜ ብድግ አለ። ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለ፣ ቴፑን አቆመ፣ የካሴቱን በር ከፈተና አጎረሰው። ከዚያ በሩን ዘግቶ አስጀመረው። እጁን እኮ ታጥቧል! ከሕጉ አንዱንም አላፈረሰም።

አባዬ አንድ ሁለት ቃል እንዳለ ድምፁ ወፈረ፣ ተጎተተ፣ ጭጭ አለ።

"አነቀው!" ብሎ ጮኸ ወንድሜ። እኛን ትን ሲለን እናቴ ጀርባችንን እንደምትመታው ቴፑን ከኋላው ይደበድበው ጀመር። እናቴ "ወይኔ ጉዴ! ቴፔን!" ብላ ስትነሳ እኔ በሳቅ ፈነዳሁ። ከዚያ ፊቱን አየሁት። አልጋ ስር ገብቶ አልወጣም አለ። ራቱንም አልቀመሰ፣ የማግስቱንም ቁርስ። እናቴ ተንበርክካ "ማሙሽ፣ ምን ሆነህ ነው?" ስትለው "አባዬን ገደልኩት" አላት።

የእናቴ ቁጣ የት እንደገባ አላውቅም። ጎትታ አወጣችውና ቴፑን አውርዳ እሱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። "መጀመሪያ ድንጋዩ ይወጣል፤ ሳይወጣ አይፈታም" አለችው። በዚያች ሰዓት እንኳ ማስተማሩ አልቀረላትም። በካቻቢቴ ፈታችው። ሽሮውን በጥጥና በአልኮል ጠረገች፤ የተወታተበውን የካሴት ክር በእስክሪፕቶ ጠመጠመች። ወንድሜ አንገቱን አስግጎ ውስጡን ያያል።

"የታለ?"

"እዚህ ማንም የለም የኔ ጌታ። ድምፁ ብቻ ነው ያለው።"

አልገባውም። እንደገና ገጣጥማ፣ ለአባዬ መልስ ልትልክበት ያስቀመጠችውን ባዶ ካሴት ከተተችና "በል አሁን ተናገር" አለችው።

"ድመት" አለ።

መልሳ ስታሰማው ቴፑም "ድመት" አለ። ወንድሜ ደነገጠ። ሆዱን ዳሰሰ፣ ጉንጩን ዳሰሰ።

"እኔ እዚህ ነኝ" አለ።

"አዎ! ድምፅህ እዚያ፣ አንተ እዚህ። አባዬም እንደዚያው ነው። አልታነቀም፣ ደህና ነው።"

እፎይ ብሎ ሳቀ። እናቴም "እሰይ የኔ ጎበዝ!" ብላ አገላብጣ ሳመችው። እኔም ደስ አለኝ፤ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ማሰቡን አላቆመም። ቡፌውን አየ፣ አልጋውን አየ፣ በሩን አየ።

"አባዬ የት ነው ታዲያ?"

"ሩቅ አገር ነው።"

"ቤት የለም?"

"የለም።"

"ማታ ማታም?"

"ማታም የለም የኔ ጌታ።"

ያን ቀን ያለቀሰውን ለቅሶ ከዚያ በኋላ ከማንም ልጅ ሰምቼ አላውቅም። እኛን ጥሎን ከሄደ የከረመው አባታችን እሱን ጥሎት የሄደው ገና ያን ጊዜ ነበር። እናቴ ደረቷ ላይ ለጥፋ ስታወዛውዘው፣ ስታባብለው ቆየችና እሷም አልቻለችም።

"ምነው" አለች እያለቀሰች፣ "ምነው እዚያው ቴፑ ውስጥ በተውኩልህ!"