አምስት መጻሕፍት፣ አንድ ዓይነት ሌባ

ባለፈው ወር ሳሪስ፣ መንገድ ዳር ከተዘረጉ አሮጌ መጻሕፍት መካከል በልጅነቴ እንደ ነፍሴ የምወዳቸውን አምስት ቅጾች አገኘሁ። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ስለነበረ አንድ የቤተ መንግሥት መርማሪ የሚተርኩ ናቸው። ወደ ቱሉ ዲምቱ በምመላለስበት ሚኒባስ ውስጥ በየተራ አነበብኳቸው። ሦስተኛው ላይ አንድ ነገር ከነከነኝ፤ አምስተኛውን ስጨርስ ንዴት አንገቴ ድረስ ሞልቶ ነበር። በአምስቱም ወንጀለኛው ወይ ቀጥቃጭ ነው፣ ወይ ፋቂ፣ ወይ ሸክላ ሠሪ። በልጅነቴ ይህን አላየሁም። አላየሁም ብቻ ሳይሆን ተምሬበታለሁ።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው አቃቂ፣ ከወንዙ ማዶ ሲሆን አባቴ የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ ነበሩ። ክረምቱ ገብቶ የበቆሎ ጥብስ ሽታ መንገዱን በሞላበት ሰሞን የእድሩ ሦስት ትልልቅ ድስቶች ከዕቃ ቤት ጠፉ። ሰው ሁሉ ሲያዝን እኔ ደብተርና እርሳስ ይዤ ምርመራ ጀመርኩ። ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ የዋልካ ጭቃ አየሁ። ያው ጭቃ የጋሽ ታደገ ጫማ ላይ ነበር። ጋሽ ታደገ ከድልድዩ ሥር ቢላና ማረሻ የሚሠሩ፣ ከባለቤታቸው ጋር ብቻቸውን የሚኖሩ ቀጥቃጭ ነበሩ። በአቃቂ ክረምት ዋልካ ያልያዘው ጫማ የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ግኝቴን ለአባቴ ነገርኳቸው። እሑድ በእድሩ ስብሰባ ፊት አቁመው አስነበቡኝ። ጋሽ ታደገ ከኋላ ተነሡና በዝግታ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ስወስድ አይተሽኛል?»

«አላየሁም» አልኩ፤ «ምልክቱ ግን ይናገራል።»

ሰው አጨበጨበልኝ። አዋቂዎቹ ያመኑኝ ብልህ ስለነበርኩ አልነበረም፤ ድሮም ሊሉት የፈለጉትን ስላልኩላቸው ነው። ጋሽ ታደገን ከእድሩ አስወጧቸው። መስከረም ላይ ባለቤታቸው ሲሞቱ ከሰፈሩ ድንኳን የተከለ፣ ለቀብር የወጣ አልነበረም። ሬሳውን እሳቸውና ሁለት የሩቅ ዘመዶቻቸው ተሸክመው ሲያልፉ በመስኮት አየሁ። ከሳምንት በኋላ ቤታቸውን ዘግተው ሄዱ፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

በኅዳር ድስቶቹ ተመለሱ። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ገላን ላሉ አማቾቹ ለሠርግ አውሷቸው ኖሯል። አባቴን አሁን እንናገር ብላቸው፣ የሄደ ሰው ሄዷል፣ የሰፈሩን ሰው አናዋርድ አሉኝ። እኔም ዝም አልኩ። ያን ዝምታ ከመጽሐፍ አልተማርኩትም፤ የራሴ ነው።

አባቴ ዛሬ አርጅተው ከእኔ ጋር ይኖራሉ። የመጨረሻውን ቅጽ እንደጨረስኩ ሾርባቸውን ይዤላቸው ገባሁና፣ «አባባ፣ ጋሽ ታደገን ያስታውሷቸዋል?» አልኳቸው።

ጥቂት አሰቡ። «ቀጥቃጩ? ድስት የሰረቀው?»

«አልሰረቁም፣ አባባ። እርስዎም ያውቃሉ።»

ማንኪያውን አስቀምጠው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ረስተውት ይሁን፣ ሊያስታውሱ ሳይፈልጉ ቀርተው ይሁን አላውቅም። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ከንዴቴ መታረቅ አልፈልግም። የድሮው እድር አሁንም አለ፤ በወሩ መጀመሪያ እሑድ ይሰበሰባል። ያኔ ካጨበጨቡልኝ ጥቂቶቹ በሕይወት አሉ። ሄጄ ፊታቸው እቆምና የጋሽ ታደገን ስም ጠርቼ እውነቱን እናገራለሁ። በዚህ ጊዜ ማንም እንዲያጨበጭብልኝ አልፈልግም።