ተገልብጦ የታሰረው ራውተር

ሰፈሩ «ጋሽ ሚሊሜትር» ይለዋል። ስሙ የወጣለት ድሮ ነው፤ አንድ በር ሊገጥም ሄዶ፣ ግድግዳው በሦስት ሚሊሜትር መጣመሙን ለባለቤትየው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቆሞ ካስረዳ በኋላ። ሰውየው የፈለገው በሩ እንዲዘጋለት ብቻ ነበር። አናጺው በስሙ ለይምሰል ቆጣ ይላል እንጂ፣ ከሰው አፍ በሰማው ቁጥር ደስ እንደሚለው ሚስቱ አሳምራ ታውቃለች። አይፈረድበትም፤ አርባ ዓመት እንጨት ሲለካ የኖረ ሰው የሚኮራበት ነገር ያስፈልገዋል።

እንግዲህ መንቀጥቀጥ የጀመረው የዚህ ሰው ቀኝ እጅ ነው። መጀመሪያ የታየው በእርሳስ መስመሩ ላይ ነበር፤ ቀጥ ብሎ የጀመረው መስመር ጫፉ ላይ ሲደርስ ይዋልላል። ድካም ነው አለ። ቀጥሎ ብርድ ነው አለ። ብርዱ ካለፈም በኋላ እጁ አልተወውም፤ የሻይ ብርጭቆ ሲያነሳ፣ ቪስ ሲያስገባ፣ ሸሚዙን ሲቆልፍ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ምክንያት መፈለጉን ትቶ መደበቅ ጀመረ። ሰው ሲመጣ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል፤ ሻይ ሲቀርብለት እስኪበርድ የሚጠብቅ መስሎ ይቆይና ሰው ዞር ሲል ይጨልጠዋል። እንዲህ እያለ አንድ ዓመት አለፈ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የእሷን የስፌት ክፍልና የእሱን ወርክሾፕ የሚለያቸው አንድ በር ብቻ ነው፤ የእሷ ክር እሱ ጋ፣ የእሱ ሰጋቱራ እሷ ጋ ሲመላለስ ይውላል። ስለ እጁ አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም። ብቻ አንድ ጠዋት ሸሚዝ ሊለብስ ሲያወጣ፣ የሁሉም ሸሚዞቹ ቁልፎች ተነቅለው በምትካቸው ጠቅ ሲደረጉ የሚዘጉ ተተክለው አገኘ። እሱም አልጠየቀ፣ እሷም አልተናገረች። በዚያ ቤት ብዙ ነገር የሚያልቀው እንዲህ ነበር።

ሌላውን ሁሉ ቻለው፤ ያልቻለው ራውተሩን ነው። ራውተር ሲባል ኢንተርኔት የሚያከፋፍለው ባለመብራት ሣጥን ትዝ የሚለው አይጠፋም። የአናጺው ራውተር ሌላ ነው፤ ግራና ቀኝ እጀታ ያለው፣ ከሥሩ ስለት የሚሽከረከርበት፣ የእንጨት ጠርዝ የሚያለዝብና የሚያስጌጥ ሞተር ነው። ሲነሳ ጎረቤት ያደነቁራል። ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ያውም የማይናወጥ ሁለት እጅ።

ባለፈው ክረምት ለአንዲት ነርስ ቁም ሣጥን ሲሠራ፣ የበሩ ጠርዝ በእጁ ላይ ማዕበል ሆኖ ቀረ። ስስ እንጨት በኮላ ለጥፎ ሸፈነው። ነርሷ ሣጥኑን ስትረከብ ያንኑ ጠርዝ በመዳፏ እየዳሰሰች፣ እንደ እርስዎ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም አለችው። ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ምስጋናው ሳምንት ሙሉ ሲለበልበው ከረመ። ያኔ ነው ለራሱ የማለው። አንድ ጠርዝ፣ አንድ ብቻ ደግሞ ካበላሸ ወርክሾፑን ሊዘጋ፣ ሁለተኛም መጋዝ ላይነካ። ይህን ካለ በኋላ የመጣለት ሥራ ደግሞ ለሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት አሥራ ሁለት መደርደሪያ ነበር፤ የሁሉም የፊት ጠርዝ ክብ ብሎ እንዲለዝብ ይፈለጋል። እንጨቱን ልጎ ደርድሮ አበቃና ራውተሩን ማንሳት አቃተው። አሥር ቀን ሙሉ እንጨቱ ገና አልደረቀም እያለ ሰዎቹን አመላለሳቸው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ክፍል ገብቶ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። እሷ መጋረጃ ትሰፋለች፤ እሱ አያይም፣ ዝም ብሎ ያፈጣል። ድንገት ግን ዓይኑ እጆቿ ላይ ተተከለ። ማሽኗ ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። የሚሄደው ጨርቁ ነው፤ የሷም መዳፎች ጠረጴዛው ላይ ተኝተው ጨርቁን ይከተላሉ። ራውተሩስ እንዲህ ቢታሰር? ተገልብጦ፣ ስለቱ ሽቅብ ብቅ ብሎ፣ እንጨቱ ቢሄድለት? የእጁን ነገር ጠረጴዛው በቻለለት። ተነስቶ ወጣ።

የሄደው ወደ ሰፈሩ በያጅ ነው፤ ከወጣትነት ጀምሮ የሚቀላለዱ ወዳጆች ናቸው። በያጁ ነገሩ ሲነገረው፣ ራውተሩ ምን አጥፍቶ ነው ቁልቁል የሚሰቀለው ብሎ ጠየቀ። ለምን እንደሚሰቀል ግን አልጠየቀም። ወፍራም የአሉሚኒየም ላሜራ ቆርጦ አመጣ። አናጺው ከራውተሩ ሥር የታሰረውን የፕላስቲክ መቀመጫ ፈትቶ ላሜራው ላይ በፕላስተር ለጠፈና የብሎኖቹን ቀዳዳ በላዩ ላይ ምልክት ሊያደርግ መዶሻና ሹሉን የብረት መምቻ አነሳ። የመምቻው ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ እየተወዛወዘ አልቆም አለው። በያጁ መምቻውን ከእጁ ተቀበለና ያዘለት፤ ምታ አለው። አራቱንም እንዲህ ተጋግዘው መቱ። ከዚያ በያጁ ቀዳዳዎቹን በሳ፣ የብሎኑ ራስ እንዲሰምጥ አፋቸውን አሰፋ። ላሜራው ከፕላስቲኩ ስለሚወፍር ረዘም ያሉ ብሎኖችም ፈልጎ አመጣና ራውተሩን ከላሜራው ጋር አሰሩት።

ጠረጴዛውን መቅደድ ግን የብቻው ሥራ ነበር። ሥራ ካስተማረው ሰው የወረሰው የሥራ ጠረጴዛ ነው፤ አርባ ዓመት መዶሻ ሲያርፍበት የኖረ። መጋዙን አስገብቶ መሃሉን አራት ማዕዘን አድርጎ ቀደደው። ከዚያ ላሜራው ከጠረጴዛው ፊት እኩል ገጥሞ እንዲተኛ፣ ለጠርዙ የሚሆን ማረፊያ በመሮ ዙሪያውን ፈለፈለ። ሌላ ሰው በአንድ ቀን የሚጨርሰውን እሱ ሦስት ቀን ፈጀበት። ቀጥ ያለውን መለኪያ፣ ሪጋውን፣ አስተኝቶ ሲያየው አንዱ ማዕዘን የፀጉር ያህል ዝቅ ብሏል። ወረቀት አጥፎ ከሥሩ ከተተ፤ በዛ፤ እጥፉን ፈትቶ መለሰው። ገጠመ። በመጨረሻ ከስለቱ ጀርባ እንጨቱ ተደግፎ የሚሄድበትን ቀጥ ያለ ጣውላ አሰረ።

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያውን መደርደሪያ አመጣና ሞተሩን አስነሳ። ጣውላውን ተደግፎ፣ እንደለመደው ከግራ ወደ ቀኝ ገፋ። እንጨቱ ስለቱን ከመንካቱ ከእጁ ተነጥቆ በቀኝ በኩል ተወረወረና ግድግዳውን መትቶ ወደቀ። ግራ እጁ ተከትሎ ሊሄድ ከስለቱ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ።

ሚስቱ ድምፁን ሰምታ ስትሮጥ መጣች። ሞተሩን አጥፍቶ ወለሉ ላይ፣ ሰጋቱራው ውስጥ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል። አጠገቡ የወደቀው መደርደሪያ ጠርዙ ተቦጭቋል።

«እጄ ይንቀጠቀጣል» አላት።

«አውቃለሁ። ዓመት አለፈው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተ ዝም ስላልክ።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገረ፤ ስለ ነርሷ ቁም ሣጥን፣ ስለ መሐላው። አሁን አበቃ፤ ለቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች ሌላ አናጺ ፈልጉ እላቸዋለሁ አላት። እሷ አልተከራከረችውም፤ አጠገቡ ቁጭ ብላ ሰማችው። ሲጨርስ ተነሳች፣ የራውተሩን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለች፣ ጠረጴዛው ጋ ሄዳም ቆመች።

«የኔ ማሽን ክር ሲያንቅባት» አለች «እጄን ከመርገሜ በፊት መዘውሯን በእጄ አዙሬ አያለሁ። ይቺ ወዴት ነው የምትዞረው?»

ያንን ማን አይመልስም? ተነሳና ስለቱን በጣቱ ይዞ እንደሚዞረው አዞረላት። በእጁ ሲይዘው ወደዚህ ነው ሊላት ጀምሮ ተወው። እንደገና አዞረው። በእሱ በኩል ያለው የስለቱ ፊት ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ እሱም እንጨቱን የገፋው ወደ ቀኝ ነው። ራውተሩ ተገልብጧል፤ በእጁ ይዞ ሲሠራ ከግራ ወደ ቀኝ የነዳው እሱ ስለቱን ነበር፣ አሁን የሚነዳው እንጨቱን ነው። ከቀኝ ወደ ግራ መግፋት ነበረበት። ስለቱ እንጨቱን የነጠቀው አጋዥ አግኝቶ ነው። ትናንት ሥራ የጀመረ ሰው ቢሆን ቆም ብሎ ወዴት ልግፋ ብሎ ያስብ ነበር። እሱ አላሰበም፤ አርባ ዓመት ሙሉ አላሰበበትም።

«እጄ አይደለም» አለ። ቀስ ብሎ ነበር ያለው። «እጄ አይደለም እኮ፤ ጭንቅላቴ ነው።»

እንዲህ ያለ ደስታ ያለበት ኑዛዜ እሷም ሰምታ አታውቅም። ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ እንባ ሆነና ፊቷን አንገቷ ላይ ባንጠለጠለችው የመለኪያ ሜትር ጫፍ ጠረገች። እሱም አለቀሰ። እጁ ጥፋተኛ እንዳልነበረ ማወቁ ብቻ ነው ያስለቀሰው፤ መንቀጥቀጡማ እንዳለ ነው፣ ነገም እንደሚኖር ሁለቱም ያውቃሉ።

የተቦጨቀውን ጠርዝ እስኪጠፋ በመላጊያ ላገ፤ መደርደሪያው በግማሽ ጣት ጠበበ። ገመዱ ተመልሶ ተሰካ፤ እሷ ጣቷን ማጥፊያው ላይ አድርጋ ቆመች። ሁለት መዳፉን እንጨቱ ላይ አስተኝቶ፣ ጣቶቹን ከስለቱ አርቆ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ገፋ። የቀኝ መዳፉ እንጨቱ ላይ ሆኖም ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ከሥሩ ጠረጴዛው፣ ከኋላው ጣውላው አለ፤ እንጨቱ ቀጥ ብሎ አለፈ። ሞተሩ ሲጠፋ ሚስቱ ጠርዙን ስፌት እንደምትፈትሽ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደችበት። የትም ቦታ ላይ አልቆመችም።

እንዳልረሳው የመግፊያውን አቅጣጫ ጠረጴዛው ላይ አስምሪልኝ ብሎ ወፍራሙን እርሳስ ዘረጋላት፤ የሷ እጅ ቀጥ ያለ ነው። አልተቀበለችውም።

«የምትሠራበት አንተ ነህ» አለችው።

ጎንበስ ብሎ ላሜራው አጠገብ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄድ ረጅም ቀስት አሰመረ። መስመሩ ከጅምሩ እስከ ጫፉ ይዋልላል። ጋሽ ሚሊሜትር ቀና ብሎ አየው፤ ሚስቱም አየችው። መስመሩን ልጎ ሊያጠፋበት የሚችለው መላጊያ እጁ አጠገብ ነበር፤ አልነካውም። ሁለተኛውን መደርደሪያ አነሳና፣ ቀስቱ እንዳለው፣ ከቀኝ ጀመረ።